የጉምሩክ ኃላፊ ቀረጥ አይቀንስም

ደብረ ብርሃን ለቅሶ ቤት ብቀመጥ፣ ሰርግ ብጠራ፣ አንዱ ጠጋ ይልና «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጉምሩክ ነበሩ። እስቲ ለኃላፊው ይደውሉልኝ፣ ቀረጡን ትንሽ ይቀንስልኝ» ይለኛል። ሰልችቶኛል።

ኃላፊ የቀረጥ ልክ አያወጣም። ልኩ ታሪፉ ላይ፣ ማለትም የየዕቃው ቀረጥ በተዘረዘረበት ሰነድ ላይ፣ ተጽፏል። ከቀረጥ ነፃ የሚገባ ካለም በሕግ ነው። ኃላፊውም ሆነ ትናንት የተቀጠረው ኦፊሰር የሚጠይቁት ያው ነው፤ ዕቃው ምንድነው? ዋጋው ስንት ነው? ከየት አገር መጣ?

ከተማችን የምታውቀውን ብርድ ልብስ እንውሰድ። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ ኮዱ 63.01 ነው። የሱፍ ከሆነ 6301.20፣ የሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 6301.40። ደረሰኙ «ሱፍ» ስላለ ብቻ አይታመንም። ከጫፉ ክር ተመዞ ክብሪት ይለኮስበታል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሲነኩት ይፈርሳል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጥሮ ይቀራል። ካጠራጠረ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

አብሮኝ ክር እያቃጠለ የጀመረ ልጅ ኋላ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የሚስቱ ወንድም ዕቃ አስመጣ። ፋይሉን ለሌላ ሰው ሰጠው፣ የሚስቱ ወንድምም ቀረጡን ሙሉውን ከፍሎ ወጣ። እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል። እኔ ግን በሥራ አስኪያጁ እኮራለሁ።

ሌባ የለም አልልም። ሌባው የሚሠራው ግን የዕቃውን ስም በመቀየር ወይም ዋጋውን በማሳነስ ነው። ያ ደግሞ ሰነድ ላይ ይቀራል። «ዕቃው ከወጣ አለቀ» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ከወጣ በኋላም ኦዲት ይደረጋል። ልዩነቱን ከነቅጣቱ የሚጠየቀው አስመጪው ነው።

«ጉምሩክ ድንበር ላይ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ እኮ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልባት ገበያ ነበረች።

«ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ካልተማሩ ጉምሩክ ኃላፊነት ላይ አይደረስም» ይሉኛል የዩኒቨርሲቲ ልጆች። ኬሚስትም መሐንዲስም ያስፈልጋል። ለሥራው ተመዝገቡ።

ዕቃ ልታስመጡ ያሰባችሁ፣ ዘመድ ከመፈለጋችሁ በፊት ኮዱን ፈልጉ። ትራንዚተራችሁ (ጉምሩክ የሚጨርስላችሁ ወኪል) ዲክላራሲዮኑ ላይ፣ ዕቃው ለጉምሩክ በሚገለጽበት ቅጽ ላይ፣ የሞላውን ራሳችሁ አንብቡ። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ማጓጓዣና መድን ተደምሮ ስለሆነ የሦስቱንም ሰነድ ያዙ። የዋጋ ትመናው ልክ አይደለም ካላችሁ ቅሬታችሁን ለጉምሩክ በጽሑፍ አስገቡ። እዚያ ካልተፈታ የግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አለ፤ የይግባኝ ቀን ግን አታሳልፉ።