የናፍጣ መኪና የነዳጅ ቱቦና መጋጠሚያ፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጠዋት ላይ መኪናው አልነሳ ይላል። ረዳቱ የእጅ ፓምፑን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይገፋል፤ ከዚያ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ደህና ይሠራል። ቆሞ ካደረ በኋላ ግን ያው ነው። ብዙ ባለንብረት እዚህ ላይ ዋናውን የነዳጅ ፓምፕ አስፈትቶ ወደ ፓምፕ ሠሪ ይልካል፣ ብዙ ብርም ያወጣል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አንዲት አጭር ቱቦ ወይም አንዲት የመዳብ ሮንዴላ (ብሎን ሥር የምትገባ ማሸጊያ ቀለበት) ላይ ነው። ይህ ወጪ ስለሚያንገበግበኝ፣ አይሱዙና ሲኖትራክ በሚነዱ ሰዎች ዘንድ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

“ቱቦው ካላንጠባጠበ ደህና ነው”

ከሁሉም የበለጠ ኪሳራ የሚያመጣው ይሄ ነው። የነዳጅ መስመር እንደ ውኃ ቧንቧ አይደለም። የጭነት መኪና ታንክ ሻሲው ጎን ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ፓምፑ ደግሞ ሞተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ነዳጁን ይስባል። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ባለው መንገድ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። እዚያ መስመር ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለች ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል እንጂ። መሬት ላይ ጠብታ አታዩም። መኪናው ሲቆም አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ነዳጁ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ጠዋት ፓምፑ የሚያገኘው ባዶ ቱቦ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ከፓምፑ በፊት አጭር፣ ውስጡ የሚያሳይ ቱቦ ግጠሙና ሞተሩን አስነሱ። አረፋ ካለፈ አየር እየገባ ነው። ፍተሻው ሲያልቅ ግን ያንን ቱቦ አውጡት። ሙቀትና ናፍጣ ቶሎ ያደርቀዋል።

ከፍታም አለበት። ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው በእርግጥ የውጭው አየር ክብደት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ ግፊት ሙሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ቆላ ላይ ያልተሰማ ድካም ዳገት ላይ ይወጣል። ሞተሩ ሲግል የለሰለሰ ቱቦ ደግሞ በፓምፑ መሳብ ተጨፍልቆ ይጣበቃል። ሲበርድ ስታዩት ክብ ነው። “ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ሜዳ ላይ ደህና ነው” ሲባል እኔ ፊልትሮውን ካየሁ በኋላ የማየው የመሳቢያውን ቱቦ ነው።

“ጎማ ጎማ ነው፤ ውፍረቱ ከገጠመ ይበቃል”

የራዲያተር ቱቦ በአብዛኛው የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው። ለውኃና ለሙቀት ግሩም ነው። ናፍጣ ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ የውስጡ ሽፋን ይላጥና ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። ለናፍጣ የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ነው። ባዮዲዝል የተቀላቀለበት ነዳጅ ወይም ከባድ ሙቀት ካለ ኤፍኬኤም የሚባለው ጎማ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኤስኤኢ ጄ30 አር7 የሚል የአሜሪካ ደረጃ ካለ ለዝቅተኛ ግፊት ነው፤ እስከ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ባለው ልክ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይችላል። አር9 እስከ 100 ፒኤስአይ ይሄዳል። ታንክ ውስጥ ሰምጦ ለሚቀመጥ ቱቦ አር10 ነው የሚገዛው። የሌሎቹ የውጭ ሽፋን ነዳጅ ውስጥ እንዲኖር አልተሠራም። የአውሮፓ ሥሪት ላይ ዲአይኤን 73379 የሚል የጀርመን ደረጃ ታገኛላችሁ። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ቱቦ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ተዉት።

ጎማ ከነዳጁ ጋር ተላምዶ እንደሚኖር ያሳየ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ በጥቅምት 1993 እ.ኤ.አ. ድኝ የተቀነሰበት ናፍጣ ሥራ ላይ ስታውል፣ ለዓመታት ያላንጠባጠቡ አሮጌ መኪኖች ማንጠባጠብ ጀመሩ። የድሮው ናፍጣ ውስጥ የነበሩት አሮማቲክ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የናይትራይል ማሸጊያዎቹን አሳብጠው ይዘዋቸው ነበር። እነሱ ሲያንሱ ጎማው ተኮማተረ። ያረጀና የደረቀ ጎማ ሳይነካ ስለቆየ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

“ጥርሱ ከገባ መጋጠሚያው ልክ ነው”

አይደለም። በብዙ መጋጠሚያ ላይ የሚያሽገው የብሎኑ ጥርስ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ነው። ሁለት የተለመዱ የአሜሪካ ዓይነቶች አሉ። የአንዱ ሾጣጣ 37 ዲግሪ ነው፤ የሌላው 45። ግማሽ ኢንች ውፍረት ባለው፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ በሚቆጠርበት ልክ ላይ ሁለቱም እኩል ጥርስ አላቸው። በእጅ ይገባሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ግን ሾጣጣዎቹ የሚነካኩት በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ንዝረት ሲመጣ ይላቀቃሉ። የሚሊሜትር ብሎኖችም አሳሳች ናቸው፤ 12 ሚሊሜትር በ1.25 እና በ1.5 ሚሊሜትር እርምጃ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለ ርቀት) አለ። አንዱ በሌላው ውስጥ ጥቂት ዙር ይሄድና ጥርሱን ይበላዋል።

ምክሬ አሮጌውን መጋጠሚያ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ ነው። አዲሱ በጣት ብቻ ሦስት አራት ዙር መሄድ አለበት። ከመጀመሪያው ዙር ቁልፍ ከጠየቀ አቁሙ።

“ቴፍሎን ብንጠቀልልበት አይጎዳም”

ይጎዳል። ማሸጊያው ሾጣጣው ወይም ሮንዴላው ከሆነ ጥርሱ ላይ የተጠቀለለ ቴፍሎን ምንም አያሽግም። ሲጠብቅ ደግሞ ይበጣጠስና ክሩ በነዳጁ ተሸክሞ ይሄዳል። ከፊልትሮው በኋላ ከሆነ የሚያርፈው ፓምፑ ወይም ነዳጁን ወደ ሞተሩ በሚረጨው ኢንጀክተር ላይ ነው። ጥርሱ ራሱ እየጠበበ የሚሄድ መጋጠሚያ ብቻ ማሸጊያ ይፈልጋል፤ እሱም ናፍጣ የሚችል ፈሳሽ ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶችም ባዶ ይቀመጡ።

ባንጆ የሚባለው፣ መሃሉ የተቦረቦረ ብሎን፣ ከላይና ከታች የመዳብ ሮንዴላ አለው። በተፈታ ቁጥር አዲስ ይገባል። መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፣ ሁለተኛ ጊዜ አይታዘዝም። ሱቅ የሌለበት መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግላችሁ አቀዝቅዙት፣ ጥቀርሻውንም ጥረጉ። ይለሰልሳል። እስከ ከተማ ያደርሳችኋል።

“የመመለሻው ቱቦ የትም አይደርስም፤ ናፍጣ ደግሞ እሳት አይዝም”

ክብሪት የተጣለበት ቀዝቃዛ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቦግ አይልም። ዳገት የወጣ ሞተር ማኒፎልድ (የጭስ መውጫው ብረት) እና ቱርቦ ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ይደርሳሉ። ናፍጣ ከ210 እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። ከሞተሩ የሚመለሰው ነዳጅ ደግሞ የሞቀ ነው። ስለዚህ የመመለሻ ቱቦ እንደመሳቢያው ጥሩ ጎማ ይገባዋል። ከማኒፎልድ ራቅ ብሎ ይታሰር፣ አይታጠፍም።

“የብረቱ ቱቦ ከተሰነጠቀ በብየዳ ይሠራል”

ይህን በቁም ነገር ስሙኝ። ከፓምፑ ወደ ኢንጀክተር የሚሄደው ቱቦ በኮመን ሬይል ሞተር (ለሁሉም ኢንጀክተሮች አንድ የጋራ የግፊት ቱቦ ባለው) ላይ 1,600 ባርና ከዚያ በላይ ይሸከማል። የጭነት መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ ነው። አይበየድም፣ በጎማም አይተካም፤ የራሱ ይገዛለታል። ሞተሩ እየሠራ ፍሳሽ በእጅ አትፈልጉ። ካርቶን አስጠጉ። ከዚያ ተፈንጥሮ የሚወጣ ቀጭን ናፍጣ ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ እምብዛም አያምም፤ ውስጡ ግን ሥጋው ይሞታል፣ ጣት እስከመቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ የሆነ ሰው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ለሐኪሙም ናፍጣ በግፊት እንደገባበት ይንገረው።

“ክላምፕ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) በጠበቀ ቁጥር ይሻላል”

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክላምፕ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ጠርዙ የታጠፈና ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ምረጡ። ቱቦውንም በስለታም ቢላ ቁረጡት። መጋዝ የጎማ ብናኝ ውስጡ ይተዋል።

ረጅም መንገድ ስትወጡ ወንበር ሥር ደረጃው የታተመበት አንድ ሜትር ቱቦ፣ አራት ክላምፕና ጥቂት ሮንዴላዎች አስቀምጡ። ሮንዴላዎቹ ለእናንተ ባንጆ ልክ መሆናቸውን ግን ሳትወጡ፣ ጋራዥ ቆማችሁ አረጋግጡ።