በፖሊስ ጥበቃ ሥር የሚደርስ ሞት፦ ሕክምናና ተጠያቂነት በጅማ

በጥበቃ ሥር የደረሰ ሞት የሚባለው አንድ ሰው በፖሊስ ከተያዘበት ደቂቃ አንሥቶ እስኪለቀቅ ድረስ በጣቢያ፣ በፖሊስ መኪና ውስጥ ወይም በአጀብ በተኛበት ሆስፒታል የሚያጋጥመው ሞት ነው። መንሥኤው ድብደባ፣ በሽታ ወይም ራስን ማጥፋት ሊሆን ይችላል። በሁሉም ዘንድ የማይለወጠው ግን ሟቹ ሲያመው በገዛ እግሩ ሐኪም ቤት መሄድ የማይችል ሰው እንደነበረ ነው። በሩን የቆለፈበት አካል የሕክምናውንም ኃላፊነት አብሮ ወስዷል፤ ተጠያቂነቱ የሚጀምረውም በሩ ከተዘጋበት ሰዓት እንጂ አስከሬኑ ከወጣበት ሰዓት አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከቤተሰቡ፣ ከሕግ አማካሪውና ከሐኪሙ ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል። ሐኪም በዚህ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ መጠቀሱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ መመዘኛዎች፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ እስረኛ በውጭ ካለው ሕዝብ እኩል ሕክምና እንዲያገኝ ይጠይቃሉ፤ የሐኪምን የሕክምና ውሳኔም ሐኪም ያልሆነ ሠራተኛ መሻር እንደማይችል ይደነግጋሉ። «ሆስፒታል ይሂድ» የተባለን ሰው «ያስመስላል» ብሎ ማስቀረት የማንም ጠባቂ ሥልጣን አይደለም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው ሆስፒታል ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆኖ የደቡብ ምዕራቡን ሕዝብ ያገለግላል። ዩኒቨርሲቲው ከመነሻው ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። በሄርማታም ሆነ በቆጪ በኩል የታመመ ሰው በባጃጅ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በከተማዋ ውስጥ የታሰረ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ከሞተ ርቀት ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

በሀገራችን ጣቢያዎች ታሳሪን በዋናነት የሚመግበው ቤተሰቡ ነው። እናት ወይም እኅት ጠዋት የምሳ ዕቃና ፔርሙዝ ይዛ በር ላይ ትሰለፋለች። ጠባቂው ክዳኑን ከፍቶ ወጡን በማንኪያ ያገላብጣል፤ አንዳንዴም አምጪዋን ካስቀመሰ በኋላ ያስገባል። ስንቅ አቀባይዋ ሳታውቀው የጤና ታዛቢም ናት፤ ምግቡ ሳይነካ ከተመለሰ፣ የተላከው ልብስ ደም ካለበት ወይም «ዛሬ አይገናኝም» ከተባለች ቀድማ የምትደነግጠው እርሷ ናት። ወጥ የሚያልፍበት በር ግን ለመድኃኒት ሊከብድ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ከመርፌው ጋር ሲመጣ ጠባቂው ይጠራጠራል፤ ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈልግም ላያውቅ ይችላል። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱን በድንገት ካቆመ የማያባራ መንፈራገጥ ሊይዘውና ሊገድለው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው «ሰክሯል፣ ይተኛና ይነቃል» ተብሎ የሚተው ሰው ነው። አረቄ የሸተተ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶም ሊሆን ይችላል። በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም መጀመሪያ ላይ ሰውየውን እያናገረው ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ራሱን እንዲስት ያደርገዋል፤ ሲያንኮራፋ የሰማ ጠባቂ እንቅልፍ ይመስለዋል። ስለዚህ የሰከረ ታሳሪን በመስኮት አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ ቀስቅሶ ስሙን ማስጠራት፣ መልሱንም ከሰዓቱ ጋር መመዝገብ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ የኖረ ሰውም መጠጡ በእስር ምክንያት ሲቋረጥበት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል ሕመም ሊይዘው ይችላል፤ ይህ ዓመል ሳይሆን አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው። በድብደባ ጡንቻው የተጎዳ ሰው ደግሞ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የገባው ነገር ኩላሊቱን ዘግቶ ከቀናት በኋላ ሊገድለው ይችላል። ያን ጊዜ «በኩላሊት ሕመም ሞተ» ማለት እውነቱን ከግማሹ ቆርጦ ማስቀረት ነው። በተጨናነቁ ክፍሎች ቅማል የሚያዛምታቸው ተስቦና ግርሻ፣ የሳንባ ነቀርሳና በአካባቢው የሚታወቀው ወባም አሉ።

ሰው ከሞተ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቦታውን፣ ልብሱንና መዝገቡን እንዳሉ ማቆየት፣ ለቤተሰቡ ወዲያው መንገር፣ ምርመራውንም ከጣቢያው ነፃ ለሆነ አካል ማስረከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው፣ አጠራጣሪ ሞት እንዴት እንደሚመረመር የሚያሳየው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ፣ የሚኒሶታ ፕሮቶኮል፣ የሚለውም ይህንኑ ነው። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ትርጓሜ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ለሚደርስ ሞት መንግሥት ኃላፊ እንደሆነ ግምት ይወሰዳል፤ የሆነውን የማስረዳት ሸክም የቤተሰቡ አይሆንም።

በተግባር ትልቁ እንቅፋት የአስከሬን ምርመራ ነው። ይህ አገልግሎት ለረጅም ዘመን የተከማቸው በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ስለነበር ከክልል ከተሞች አስከሬን በመኪና ወደዚያ ሲጓዝ ኖሯል። በጅማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሟቹን ቶሎ መቅበር ይሻል፤ ጀናዛውን ማዘግየት ወይም ፍትሐቱን ማሳደር ለሐዘንተኛ ከባድ ነው። በዚህ መሐል «በቃ እንቅበረው» የሚል ድምፅ ከተሰማ ማስረጃው አብሮ ይቀበራል። ቤተሰቡን በክብር አስቀምጦ ምርመራው ለምን እንደሚያስፈልግና ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ማስረዳት የመርማሪውም የሐኪሙም ግዴታ መሆን አለበት። ሐኪሙ የሚጽፈው ወረቀትም ክብደት አለው። «ልቡና ትንፋሹ ቆመ» የሞት ምክንያት አይደለም፤ የሁሉም ሟች ልብ ይቆማል። ሕክምና ሳያገኝ ሞቶ የደረሰ ሰው እንደዚያው መመዝገብ አለበት፤ ቁስሉ በቦታው፣ በመጠኑና በቀለሙ መጻፍ ይኖርበታል።

የወንጀል ተጠያቂነቱ እንደ ድርጊቱ ይለያያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 መሠረት ታሳሪን የሚያሠቃይ ሹም ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ትእዛዙን የሰጠ አለቃ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊፈረድበት ይችላል። ግድያ ከሆነ የግድያ አንቀጾች ይከተላሉ። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ካስከተለ አንቀጽ 543 ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት ይደነግጋል። በአካባቢው ባህል ጉማ የተባለው የኦሮሞ የደም ዕርቅ ሥርዓት ቤተሰብን ከቤተሰብ ያስታርቃል፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ሆኖም ሰው መግደል በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ ሽማግሌ ገባ ተብሎ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ሊዘጋ አይገባም።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጅማ ጽሕፈት ቤት አለው፤ በ2012 የተሻሻለው አዋጁ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ማቆያ ቦታዎች እንዲገባ ይፈቅድለታል። ቤተሰብ አቤቱታውን ለዐቃቤ ሕግም ለኮሚሽኑም ማቅረብ ይችላል። ካሣን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው መንግሥትን ያስጠይቃል፤ አንቀጽ 2095 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለልጆች የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የጊዜ ገደቡ በመደበኛው ሁለት ዓመት ስለሆነ የወንጀሉ ምርመራ እስኪያልቅ ተብሎ ክሱ ዝም ብሎ መቆየት የለበትም፤ የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃና የጣቢያውን የመረከቢያ መዝገብ ግልባጭ በጽሑፍ መጠየቅ ከሐዘኑ ሳምንት ሳያልፍ ቢጀመር ይሻላል።