የ1953ቱ «ቶስካ»፦ ስለ ዘፋኞቹ የሚባለውና እውነታው

የጃኮሞ ፑቺኒ ኦፔራ «ቶስካ» ብዙ ጊዜ ተቀርጿል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1953 ሚላን በላ ስካላ ቴአትር የተቀረጸው ግን ዛሬም የሌሎቹ መለኪያ ነው። ማሪያ ካላስ ቶስካን፣ ጁሴፔ ዲ ስቴፋኖ ፍቅረኛዋን ሠዓሊውን ካቫራዶሲን፣ ቲቶ ጎቢ ጨካኙን የፖሊስ አዛዥ ስካርፒያን ሆነው ይዘፍናሉ። ኦርኬስትራውን የመራው ቪክቶር ደ ሳባታ ነው።

«የካላስ ድምፅ መረዋ አይደለም፤ ታዲያ ምኑ ይደነቃል?»

መረዋ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ከፍ ሲል ይሾላል፣ ዝቅ ሲል ይጎረናል። የሚደነቀው ቃሉን አያያዟ ነው። በሁለተኛው ክፍል ቶስካ ስካርፒያን በቢላ ወግታ ከገደለች በኋላ «ሮማ ሁሉ በፊቱ ይንቀጠቀጥ ነበር» የምትለው በአንድ ዝቅተኛ ኖታ ላይ ነው። መደገፊያ የሚሆናት ዜማ ስለሌለ ሁሉም ነገር በአነጋገሯ ላይ ያርፋል። የቀረጻው አዘጋጅ ዋልተር ሌግ እንደተናገረው ደ ሳባታ ይህችን ሐረግ ብቻ ግማሽ ሰዓት አስደጋግሟታል።

«ዘፋኝ የሚለካው በከፍተኛው ኖታ ነው»

ይህን ያመነ ሰው ግማሹን ኦፔራ ሳይሰማው ያልፋል። ቶስካ በሁለተኛው ክፍል በምትዘፍነው በ«ቪሲ ዳርቴ» ከፍተኛው ኖታ ወደ መጨረሻው ይመጣል፤ ከባዱ ግን መውረዱ ነው። ትንፋሽ ሳይቋረጥ ድምፁ እየለዘበ መምጣት አለበት። ትንፋሽ ያጠረባት ዘፋኝ እዚያ ላይ ቆርጣ ታልፋለች።

«ዲ ስቴፋኖ የመጨረሻውን ዘፈን በስንፍና ይጀምረዋል»

ይህ ዘፈን፣ «ኤ ሉቼቫን ሌ ስቴሌ»፣ ሲጀምር ዜማውን የሚይዘው ክላሪኔቱ (የትንፋሽ መሣሪያ) ነው። ሞቱን የሚጠብቀው ካቫራዶሲ ያለፈችውን ሌሊት እያስታወሰ በአንድ ኖታ ላይ የሚናገር ያህል ይላል፤ ፑቺኒ የጻፈውም እንዲሁ ነው። ዜማውን ተቀብሎ ሲነሳ ሐዘኑ ይፈነዳል። መጀመሪያው ላይ ድምፁን የሚያገዝፍ ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ይህን ሁሉ ያበላሸዋል።

«ጎቢ እንዲህ የገዘፈው በማይክሮፎን ነው»

የኦፔራ ዘፋኝ በቴአትር ውስጥ ያለ ማይክሮፎን ከኦርኬስትራ በላይ እንዲሰማ የሠለጠነ ነው። የኦርኬስትራው ጉልበት በብዛት 500 ኸርዝ (በሴኮንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ይከማቻል፤ የሠለጠነ የወንድ ድምፅ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ስለሚደምቅ ሰንጥቆ ይወጣል። ደግሞም ጎቢ ሁሌ አይጮኽም። በአንደኛው ክፍል መጨረሻ «ሦስት ፖሊሶች፣ አንድ ሠረገላ» ብሎ ሲያዝ ዝግ ብሎ ነው፤ ደወሉ፣ መዘምራኑና ኦርጋኑ ሲደራረቡ ነው ድምፁን የሚለቀው። ሌግ እንደሚለው የዚህን ክፍል ዜማዎቹን 30 ጊዜ አስዘፍነውታል፤ የአንዲት ፊደል ቀለም ሳይቀር እየቀያየሩ።

«ድምፅ ከተርገበገበ ተበላሽቷል»

ጤነኛ ድምፅ በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ችግሩ ዝግ ብሎና ሰፍቶ ሲወዛወዝ ነው፤ ያኔ ኖታው የቱ እንደሆነ ይጠፋል።

«ቀረጻው ሞኖ (በአንድ መስመር የተቀዳ) ስለሆነ ሰው ሠራሽ ስቴሪዮ (ሁለት መስመር) ያሻሽለዋል»

ያደበዝዘዋል። በሞኖነቱ ተዉት፤ ሁለት ስፒከር ካላችሁ እኩል ርቀት ላይ ተቀምጣችሁ ድምፁ ከመሐል እንዲመጣ አድርጉ። ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) አትጨምሩ፤ የዘፋኞቹን ተነባቢ ፊደላት የሚሸፍነው እሱ ነው።