የጭንቀት ሕመም ምንድን ነው? ሐኪም ጋ የሚያስኬደውስ መቼ ነው?

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ እየተመላለሰ ልብስ ቤት የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። እሱ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ነው። ድንገት ልቡ ድው ድው ማለት ጀመረ። እጁ ደነዘዘ፣ አየር አጠረው። "ሞትኩ!" አለ በልቡ። "ወራጅ!" ብሎ ወረደና መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀው።

ሐኪም ቤት ሄደ። ልቡ በመሣሪያ ታየ፤ ደህና ነው። "ምንም የለብህም፣ ሂድ" ተባለ።

እኔ ይቺን "ምንም የለብህም" የምትባል ነገር አልወዳትም። ልብህ ደህና ነው ማለት ሌላ፣ ምንም የለብህም ማለት ሌላ። ልጁን የያዘው ነገር ስም አለው፤ ፓኒክ አታክ ይባላል። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት እንበለው። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ላብ ያጠምቃል። በጨለማ ጅብ ቢያጋጥምህ የሚያስመልጥህ ይሄው ነው። ጣጣው ጅብ በሌለበት ሲመጣ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይበርዳል። ጥቃቱ ራሱ አይገድልም። ግን ደረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው "ጭንቀት ነው" ብሎ ለራሱ መፍረድ የለበትም። መጀመሪያ ልቡ ይታይ።

አንድ ጊዜ መጥቶ የሄደ ጥቃት ብቻውን ሕመም አያሰኝም። መጨነቅም እንደዚያው። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይጨነቃል። የቤት ኪራይ የተጨመረበት ይጨነቃል። ተኩስ ሰምቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ስለሰማ ፈራ፣ አለቀ።

ታዲያ መቼ ነው ሕመም የሚባለው? አንዱ መለኪያ ጊዜ ነው። ጭንቀቱ አብዛኛውን ቀን እየመጣ 6 ወር ካለፈው፣ "ተወኝ" ሲሉት እምቢ ካለ፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ የትከሻና የአንገት መወጠር፣ በትንሽ ትልቁ መነጫነጭ ከተጨመረ፣ ሐኪሞች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ይሉታል። 6 ወሩ ግን ለሕመሙ ስም መስጫ ነው። እስኪሞላ ቤትህ ቁጭ በል ማለት አይደለም።

ሌላኛው መለኪያ ለእኔ ይበልጣል። ጭንቀቱ ምን አስቀረብህ?

ወደ ልጁ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ ውስጥ በር ካላገኘ አይቀመጥም። ቀጥሎ ታክሲውን እርግፍ አድርጎ ተወና በባጃጅ ሆነ። ደሞዙን ባጃጅ በላው። ከዚያ ገበያ ቀረ። ለጥምቀት "ፋሲለደስ መዋኛ አልወርድም፣ ሰው ይበዛል" አለ። ጎንደሬ ሆኖ! እናቱ "ዓይነ ጥላ ነው" አሉ፤ ጓደኞቹ "ነርቭ ነው" አሉ። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ በሚሠለጥንባት ከተማ ዛሬም ሁሉንም ነገር ነርቭ ብለን እናልፈዋለን። የሆነው ግን ግልጽ ነው። አንድ ቦታ በሸሸ ቁጥር ያን ቀን ቀለል ይለዋል፣ በማግስቱ ፍርሃቱ አንድ እርምጃ ይጠጋል። መሸሽ ልማድ የሚሆነው ለጊዜው ስለሚያሳርፍ ነው።

እንግዲህ ሥራ፣ ትምህርት፣ ለቅሶ፣ ገበያ እየቀረብህ ከሆነ ሂድ። ጭንቀቱን ለማስታገስ መጠጥ ወይም ጫት ከጀመርክም ሂድ። ከሰው የተሰጠህን ቫሊየም የሚባል ማረጋጊያ ክኒን እየዋጥክ ከሆነ ደግሞ አትዘግይ፤ ያ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል። ሞትን መመኘት ወይም ራስን ማጥፋት ከታሰበ ግን ነገ አይባልም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ሰውየውንም ብቻውን አለመተው።

ቡናም ላይ አንድ ነገር ልበል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በቀን ሦስቴ የሚጠጣ ሰው ልቡ ቢመታበት ምን ይገርማል? ጎንደር ላይ ቡና ተው ማለት ድፍረት ነው፤ የማታውን ግን ለጎረቤት ተውለት።

የት ነው የሚኬደው? ከቅርቡ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ከበድ ካለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚያ የሚሄደው "ያበደ" ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ተዉት። ሐኪሙ ደም ሊያስመረምር ይችላል፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛ ልክ ጭንቀት ይመስላል፣ ደም ማነስም ልብ ያስመታል። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 7 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም አለ። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ 10 ከደረሰ በደንብ ይታይ ይባላል።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ንግግር ነው፤ ከባለሙያ ጋር ሆኖ የሸሹትን ቦታ ቀስ በቀስ መልመድ። ሌላው መድኃኒት ነው። በብዛት የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊን ያሉት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ ይጥላቸዋል። ሐኪም ሳይጠየቅ በድንገት ማቆምም ጥሩ አይደለም። ፀበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን ለፀበል ብሎ አያቋርጥ። የልጁ እናት መጀመሪያ ያልተቀበሉት ይህንን ነበር። በኋላ ጠዋት ፀበል ይዘውት እየሄዱ፣ ማታ ክኒኑን ራሳቸው ማስታወስ ጀመሩ።

መጨረሻ የሚቸግረው ሐኪሙ ፊት ምን እንደሚባል ነው። ሰው ይገባና "ጨጓራዬን" ይላል፣ "ራሴን" ይላል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ልጁ ሁለተኛ ሲሄድ አፉ እንዳይያዝ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎ ገባ። ሦስት መስመር ነበር። "ታክሲ መግባት አቃተኝ። አራት ወር ሆነኝ። ሥራዬን ልለቅ ነው።" ሐኪሟ አንብባ ወንበሯን ጠጋ አደረገችና "ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ንገረኝ" አለችው።