በመፀው ወራት በምሥራቅ ቻይና የሚደረግ የወፍ ምልከታ

በምሥራቅ ቻይና የመፀው የወፍ ምልከታ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ ከሳይቤሪያ፣ ከሞንጎሊያና ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና ተነሥተው ወደ ደቡብ የሚጓዙ ወፎችን በጂያንግሱ፣ በሻንጋይ፣ በዠጂያንግና በአጎራባች ክፍላተ ሀገር የባሕር ዳርቻዎች፣ ረግረጎችና የከተማ መናፈሻዎች ተገኝቶ የማየት ልማድ ነው። ወቅቱ ቻይናውያን ቤተ ዘመድ የሚሰበሰቡባቸውን ሁለት በዓላት፣ ማለትም በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር 15ኛ ቀን የሚውለውን የመፀው አጋማሽ በዓልና ኦክቶበር 1 የሚጀምረውን የብሔራዊ ቀን ረጅም ዕረፍት ያቅፋል። በዚህ ምክንያት ከምልከታው ተካፋዮች ብዙዎቹ ለወፍ ብለው የመጡ ሳይሆኑ ወላጅን፣ አማትን ወይም በሥራ ምክንያት ርቆ የሚኖር ልጅን ለመጠየቅ መጥተው ከፍልሰቱ መካከል የተገኙ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ የሚበርበት የሻንጋይ ፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያም በዚሁ ዳርቻ ላይ ስለተሠራ፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ እዚያ የሚኖር ዘመዱን የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ገና ከአየር ማረፊያው ሳይርቅ ከዋና ዋናዎቹ የመመልከቻ ቦታዎች አጠገብ ይሆናል።

አካባቢው ከአርክቲክ ሩሲያና ከአላስካ እስከ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሚዘረጋው የምሥራቅ እስያና የአውስትራሊያ የፍልሰት መስመር ወገብ ነው። በአብያታና ሻላ ሐይቆች በመስከረም የሚታዩት ከሰሜን የመጡ ወፎች የሚከተሉት ሌላ መስመር በመሆኑ ሁለቱ እምብዛም አይገናኙም፤ ሆኖም የአሙር ጭልፊት የተባለው ትንሽ አዳኝ ወፍ በሰሜን ምሥራቅ ቻይናና በአካባቢው ተራብቶ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በኩል አልፎ፣ የሕንድ ውቅያኖስን በአንድ ትንፋሽ አቋርጦ በሶማሊያ ጠረፍ ወደ አፍሪካ ከገባ በኋላ እስከ ደቡባዊው የአህጉሩ ክፍል ይወርዳል። መፀው ከጸደይ ይልቅ ለዓይን ፈታኝ ነው። በጸደይ የመራቢያ ላባቸውን ለብሰው የሚያልፉት ወፎች በመፀው ላባቸውን እየቀየሩ፣ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ጫጩቶችንም አስከትለው ስለሚመጡ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ዝማሬያቸውም የለም። በምትኩ ጊዜው ሰፊ ነው፤ በጸደይ ወደ መራቢያ ስፍራቸው የሚጣደፉት ወፎች በመፀው ለሳምንታት አንድ ቦታ ይሰነብታሉ።

ከሁሉ የላቀው ስፍራ የጂያንግሱ ጭቃማ ጠረፍ ነው። ቢጫ ወንዝ እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚህ ክፍለ ሀገር በኩል ወደ ባሕር ይፈስ ስለነበር ያወረደው ደለል፣ ከያንግትዜ ወንዝ ደለል ጋር ተደምሮ፣ ባሕሩ ሲጎድል እስከ አድማስ የሚገለጥ ለጥ ያለ የጭቃ ሜዳ ፈጥሯል። ጭቃው በትላትል፣ በቀንድ አውጣና በጥቃቅን ሸርጣኖች የተሞላ በመሆኑ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን የሚበሩ የዳርቻ ወፎች ስብ የሚያጠራቅሙትና አሮጌ ላባቸውን የሚጥሉት እዚህ ነው። በዶንግታይ ከተማ ሥር የሚገኘው ቲያኦዚኒ እና ከእርሱ በስተደቡብ ያለው ሩዶንግ በዓለም ዙሪያ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ የታወቁት በአንዲት ወፍ ምክንያት ነው። የመንቁሯ ጫፍ እንደ ማንኪያ የሰፋው ይህች ወፍ ቁመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የምትራባው በሩሲያ ጫፍ በቹኮትካና በካምቻትካ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረችውም ከአንድ ሺህ እንደማትበልጥ ይገመታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ላባቸውን የሚቀይሩት በዚሁ ጠረፍ ላይ ነው። እርሷን ከሩቅ ከሚመስሏት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ወፎች መካከል ለይቶ ማውጣት በቴሌስኮፕ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ትዕግሥተኛውን አስጎብኚ ሳይቀር ያሰለቻል።

እዚህ ምልከታውን የሚመራው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ስለሚበተኑ በዳርቻው ካለው የባሕር ግድብ ላይ የቆመ ሰው ከነጠብጣብ በቀር የሚያየው የለም፤ ሲሞላ ግን ውኃው ከፊቱ እየገፋ ያቀርባቸዋል፤ ጭቃው በሙሉ ሲዋጥም ከግድቡ ወዲህ ወዳሉት ኩሬዎች በመንጋ ይሻገራሉ። ልምድ ያለው ተመልካች ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። ከፍተኛው ሙላት ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ስለሚመጣ፣ ሙሉ ጨረቃ የምትከበርበት የመፀው አጋማሽ በዓል ሁልጊዜ ከታላቅ ሙላት ጋር ይገጥማል። በዠጂያንግ የቺያንታንግ ወንዝ ላይ የሚነሣውና ሕዝብ ተሰልፎ የሚያየው ዝነኛው የውኃ ግድግዳ በዚያው ወር 18ኛ ቀን የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። በበዓሉ የሚቀርበውን የጨረቃ ኬክ ለመብላት የተጠራ እንግዳ እንግዲህ ቀኑን የመረጡለት ዘመዶቹ ቢሆኑም ከዚያ የተሻለ ቀን ለራሱ ሊመርጥ አይችልም ነበር፤ ችግሩ በዓሉ ዕለት ከማዕድ መነሣት ነውር መሆኑ ነው፤ በማግሥቱና በሠልስቱም ሙላቱ ከፍተኛ እንደሆነ ስለሚቆይ ግን ብልኁ እንግዳ እነዚያን ቀናት ይጠቀማል።

ይህ ጠረፍ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በቢጫ ባሕር ዙሪያ ከነበረው የጭቃ ዳርቻ ከግማሽ በላዩ በግድብ ታጥሮ ለእርሻ፣ ለዓሣ ኩሬ፣ ለፋብሪካና ለወደብ ውሏል። የቻይና መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንግድ ሲባል ባሕርን መድፈን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በተከታዩ ዓመት ቲያኦዚኒ በሚገኝበት በያንቼንግ አካባቢ ያለው ጠረፍ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሻንጋዩ ቾንግሚንግ ዶንግታንና የቢጫ ወንዝ አፍን ጨምሮ ሌሎች ስፍራዎች ታከሉበት። በቲያኦዚኒ 720 ሙ፣ ማለትም 48 ሄክታር የዓሣ ኩሬ በ2020 እ.ኤ.አ. ወፎች በሙላት ሰዓት እንዲያርፉበት ተለውጧል። ቦታው ትንሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ምክንያቱም የወፎቹ ዋና ችግር ሙላት ሲሆን የሚቆሙበት ማጣት ነበር።

የሻንጋይ ጠረፍ በሁለት ስፍራዎች ይታወቃል። ቾንግሚንግ በያንግትዜ አፍ ላይ ያለ ትልቅ ደሴት ሲሆን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሻና በድልድይ ከከተማው ጋር ተገናኝቷል። በምሥራቃዊ ጫፉ ባለው ጥብቅ ስፍራ ወፍ ለማጥመድ በቀርከሃ ፉጨት የወፍ ድምፅ ያስመስሉ የነበሩ የቀድሞ አዳኞች፣ ዛሬ በዚያው ጥበብ ወፎቹን ጠርተው ለተመራማሪዎች ያቀርባሉ፤ የተያዘው ወፍ በእግሩ ላይ የቾንግሚንግ መለያ የሆኑ ጥቁርና ነጭ ምልክቶች ይታሠሩለትና ይለቀቃል። ተመልካች እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ ቀለሙንና ኮዱን መዝግቦ ቢያሳውቅ ወፏ የት ተነሥታ የት እንደደረሰች ለማወቅ ይረዳል። ደሴቲቱ ሌላም ትግል አላት፤ ዳርቻን ከመሸርሸር ይጠብቃል ተብሎ በ1979 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የመጣው ስፓርቲና የተባለ ሣር ጭቃውን ሸፍኖ የወፎችን መኖ ስለነሣ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሰፊ የማጥፋት ሥራ ተጀምሯል። ሁለተኛው ስፍራ ናንሁዪ በምድር ውስጥ ባቡር መስመር 16 እስከ ዲሹዪ ሐይቅ ተሂዶ ስለሚደረስ መኪና ለሌለው እንግዳ ይቀላል። እዚያ ከባሕር ግድቡ ሥር በረድፍ የተተከሉት ትንንሽ የዛፍ ስብስቦች ሌሊቱን በባሕር ላይ ሲበሩ ያደሩ ወፎች መጀመሪያ የሚያገኙት ጥላ ናቸው።

ከመስከረም ጀምሮ በእነዚህ ዛፎች ውስጥ ዝንብ ለቃሚዎች፣ ቅጠል መሳይ አረንጓዴ ትንንሽ ወፎችና ዓይን አፋር ሰማያዊ ወፎች ይታያሉ። ቁጥራቸውን የሚወስነው አየሩ ነው። ከሳይቤሪያ ቀዝቃዛ አየር ሲገፋ ነፋሱ ከጀርባቸው ስለሚሆንላቸው በብዛት ይነሣሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ዝናብ ወይም ዝቅተኛ ደመና ካጋጠማቸው ባገኙት ቁጥቋጦ ሁሉ ይወርዳሉ። ጥርት ባለ ሌሊት ግን ሳይቆሙ ስለሚያልፉ ደስ የሚል ፀሐያማ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቀን ነው። የከተማ መናፈሻም እንዲሁ ይጠቅማል። በጥቅምት ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ አረጋውያን ታይቺ የተባለውን የሰውነት እንቅስቃሴ በሚሠሩበት መናፈሻ ተዟዙሮ ቤተሰቡ ቁርስ ሳያቀርብ መመለስ ይቻላል። በወሩ መጨረሻ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ዳውሪያን ሬድስታርት ለክረምቱ ይመጣና በየአጥሩ ጫፍ ጅራቱን እያንቀጠቀጠ ይቆማል፤ ለዘመድ ልጆች ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ወፍ አይገኝም።

ከወፎች ጋር ያለው ግንኙነት ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1958 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አራት ተባዮችን የማጥፋት ዘመቻ ድንቢጥን ያካተተ ሲሆን፣ ዠንግ ዙኦሺንን የመሰሉ የወፍ ተመራማሪዎች ድንቢጥ ነፍሳትንም እንደምትበላ ካሳዩ በኋላ በ1960 እ.ኤ.አ. ስሟ ተፍቆ በትኋን ተተክቷል። ቢጫ ደረት ያላት የሣር ወፍ ደግሞ ለምግብ በመረብ ስለታደነች፣ በአንድ ወቅት እጅግ ብዙ የነበረችው ይህች ወፍ በ2017 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብታለች፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቻይና በአንደኛ ደረጃ ትጠብቃታለች። በሜዳ ላይ የተዘረጋ ቀጭን መረብ ያየ ሰው ራሱ ከመቁረጥ ይልቅ በአገሩ ሰው አማካይነት ለፖሊስ ማሳወቁ ይሻላል። ዛሬ በየስፍራው የሚበዙት ረጃጅም ሌንስ የተሸከሙ ፎቶ አንሺዎች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ በትል እያባበሉ ወፏን ወደ ካሜራ ያቀርባሉ፤ ይህ ምልከታ ሳይሆን ትርኢት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያም ሆኖ ብርቅ ወፍ የት እንዳለ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በዘመድ ቤት የሚያድር የውጭ ዜጋ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ግን ምዝገባውን ራሱ ይፈጽማል። ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ አንድ ሌሊት ለማደር የሚፈልግ የውጭ ዜጋ ሆቴል ቢይዝ ይቀለዋል። በብሔራዊ ቀን ሳምንት የባቡር ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ በሽያጩ መክፈቻ ዕለት መግዛት ያስፈልጋል፤ የጥብቅ ስፍራዎች ማዕከላዊ ክልል ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ወደ ወታደራዊ ተቋም አቅጣጫ ቴሌስኮፕ ማዞርም ለጥያቄ ይዳርጋል።

ፈቃዱ እስከ ኅዳር የዘገየ እንግዳ የዳርቻ ወፎቹ አብዛኞቹ ሄደው ቢያገኝም በምትካቸው ዝይ፣ ዳክዬና ክሬን የተባለው ባለ ረጅም እግርና አንገት ወፍ ይጠብቁታል። በያንቼንግ አናቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ክሬን ይከርማል፤ በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ባለው ፖያንግ ሐይቅ ደግሞ የዓለም ነጭ የሳይቤሪያ ክሬኖች በአብዛኛው ይሰበሰባሉ። እነዚህ ክሬኖች በሐይቁ ውስጥ የሚበሉት የውኃ ተክል ሥር በጎርፍ ወይም በድርቅ ሲጠፋባቸው ወደ ሩዝና ወደ ሎተስ ማሳዎች መውጣት ለምደዋል፤ በናንቻንግ ከተማ አቅራቢያም ሎተሱ ሳይታጨድ ለእነርሱ የሚተውላቸው ማሳ ስላለ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከመንገድ ዳር ቆሞ ያለ መነጽር ሊያያቸው ይችላል።