የቃል ሥር ምንድን ነው? የእንግሊዝኛን ቃላት ከላቲንና ከግሪክ ሥራቸው መማር

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው፣ ‘ትራንስፖርት’፣ ‘ኤክስፖርት’፣ ‘ኢምፖርት’ የሚሉትን ቃላት ሳይሰማ ወይም ሳያነብ አይውልም። ሦስቱም ውስጥ ‘ፖርት’ አለች። እንዲህ ከቃል ቃል እየተመላለሰች ዋናውን ትርጉም የምትሸከም ክፍል የቃል ሥር ትባላለች።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት የሚሉት ቃላት ጸ፣ ሐ፣ ፈ ከሚሉት ሦስት ፊደላት እንደተወለዱ ማንም ያስተውላል። ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀራ ደረሳ ደግሞ ኪታብ (መጽሐፍ)፣ ካቲብ (ጸሐፊ)፣ መክተባ (ቤተ መጻሕፍት) የሚሉትን የዐረብኛ ቃላት በተመሳሳይ መንገድ ያውቃቸዋል። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። በአማርኛና በዐረብኛ ሥሩ ተነባቢ ብቻ ስለሆነ አናባቢው በመካከሉ እየገባ ይለዋውጠዋል። የላቲንና የግሪክ ሥር ግን በአብዛኛው ቅርጹን እንደያዘ ይቀመጥና፣ ከፊቱ ባዕድ መነሻ፣ ከኋላው ባዕድ መድረሻ ይቀጠልበታል።

እንግሊዝኛ የራሱ ያልሆነውን ይህን ሁሉ ቃል ያገኘው በሁለት በር ነው። በ1066 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ፣ ከላቲን የተወለዱ የፈረንሳይኛ ቃላት በፍርድ ቤትና በቤተ መንግሥት በኩል ገቡ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሊቃውንቱ ለሳይንስና ለሕክምና ስም ሲፈልጉ በቀጥታ ከላቲንና ከግሪክ ቀዱ። ስለዚህ ውሃ፣ ዳቦ፣ እናት፣ ቤት የሚባሉበት የእንግሊዝኛ ቃል በዚህ ዘዴ አይፈታም፤ እሱን እንደ ድሮው ማጥናት ነው። ዘዴው የሚሠራው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመማሪያ መጻሕፍት በሚበዙት ረጃጅም ቃላት ላይ ነው።

‘ፖርት’ን እንፍታት። በላቲን ‘ፖርታሬ’ መሸከም ነው። ‘ኤክስ’ ወደ ውጭ፣ ‘ኢም’ ወደ ውስጥ፣ ‘ትራንስ’ ማዶ ለማዶ፣ ‘ሪ’ ወደ ኋላ ወይም መልሶ ማለት ነው። ኤክስፖርት ተሸክሞ ማውጣት፣ ኢምፖርት ተሸክሞ ማስገባት ሆነ። ሪፖርት ደግሞ የሆነውን ነገር ተሸክሞ ለላኪው መመለስ ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ‘ዲፖርት’ን ሲያገኝ፣ ‘ዲ’ ማራቅን እንደሚያሳይ ካወቀ፣ ከአገር ማስወጣት መሆኑን ወደ መዝገበ ቃላት ሳይሄድ ይጠረጥራል። ‘ሰፖርት’ም ከሥር ሆኖ መሸከም፣ ማለትም መደገፍ ነው።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅና የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ሁለት ሥሮችን በነጻ ትሰጣለች። አንደኛው ‘ቴክስታይል’ ውስጥ ያለው ነው። ‘ቴክሴሬ’ በላቲን መሸመን ነው። ‘ቴክስት’ ማለት እንግዲህ የተሸመነ ነገር፣ ቃል ከቃል እንደ ድርና ማግ የተጠላለፈበት ጽሑፍ ነው። ‘ኮንቴክስት’ ደግሞ ‘ኮን’ አብሮ ስለሆነ አብሮ የተሸመነው፣ ማለትም በአንድ ቃል ዙሪያ ያለው ዐውድ ነው። አንድ ክር ከጨርቅ ተመዝዞ ሲወጣ ጥለቱ እንደማይታይ ሁሉ፣ ቃልም ከዐውዱ ሲወጣ ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ ላቲኖቹ ይህን በቃሉ ውስጥ አስቀምጠውታል።

ሁለተኛው ‘ማኑፋክቸሪንግ’ ነው። ‘ማኑስ’ እጅ፣ ‘ፋኬሬ’ መሥራት። ቃል በቃል ‘በእጅ መሥራት’ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን በኢንዱስትሪ ፓርኩ በማሽን የሚሠራውን ሁሉ እንጠራበታለን። ሥሩ የቃሉን መነሻ ይናገራል እንጂ ዛሬ የደረሰበትን ቦታ ሁልጊዜ አይናገርም። ‘ማኑስክሪፕት’ ላይ ግን ያው እጅ እንዳለ ነው፦ ‘ስክሪፕት’ ጽሕፈት ስለሆነ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን የመሰለ ገዳም የሚጠብቀው የእጅ ጽሑፍ ብራና ነው። ሐኪም የሚጽፈው ‘ፕሪስክሪፕሽን’ም ከዚሁ ሥር ነው፤ ‘ፕሪ’ አስቀድሞ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚጻፍ።

የግሪኩ ወገን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በኩል ከእንግሊዝኛ ቀድሞ ደርሶናል። ‘ኤጲስ ቆጶስ’ ግሪክኛ ነው፦ ‘ኤፒ’ በላይ፣ ‘ስኮፖስ’ ተመልካች፤ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። ይህ ‘ስኮፖስ’ ነው በሳይንስ ክፍል ‘ማይክሮስኮፕ’፣ በሰማይ ምርምር ‘ቴሌስኮፕ’፣ በሐኪሙ አንገት ላይ ‘ስቴቶስኮፕ’ የሆነው፤ ‘ስቴቶስ’ ደረት ነው። ‘ኤፒ’ም አልጠፋችም። ‘ዴሞስ’ ሕዝብ ስለሆነ ‘ኤፒደሚክ’ በሕዝብ ላይ የወረደ በሽታ ነው፤ ‘ፓን’ ሁሉ ስለሆነ ‘ፓንደሚክ’ ሁሉን ሕዝብ ያዳረሰ ነው። ‘ዴሞክራሲ’ ውስጥም ያው ሕዝብ አለ።

ቃሉ ግሪክ መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል። የ‘ፈ’ ድምፅ በፒ እና በኤች ሲጻፍ፣ እንደ ፋርማሲ፣ ፊዚክስ፣ ፎቶ፣ ወይም ሲ እና ኤች ተደርበው ‘ክ’ ተብለው ሲነበቡ፣ እንደ ኬሚስትሪና ቴክኖሎጂ፣ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ግሪክ ነው። ይህን ማወቅ በቃል ጽሕፈት ላይ የሚሠራውን ስህተት በጣም ይቀንሳል።

አሠራሩ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው መቶና ሁለት መቶ ሥር የያዘ ዝርዝር ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ሲሸመድድ ነው። ሥር ብቻውን፣ ቃል ሳይኖረው፣ አይያዝም፤ በሳምንቱ ይረሳል። የሚሻለው የተገላቢጦሹ ነው። በአማርኛ ንግግር ውስጥ አስቀድማችሁ ከምታውቋቸው ቃላት ጀምሩ። ለአንድ ሥር አንድ የደብተር ገጽ ስጡ፤ ሥሩን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ሥሩን የያዙ 3 የምታውቋቸውን ቃላት ከላይ አስፍሩ። 3 ካላገኛችሁ ያ ሥር ለጊዜው ይቆይ። ከእነሱ በታች ያንኑ ሥር የያዙ 3 አዳዲስ ቃላት ጨምሩ። እያንዳንዱን በጭረት ከፋፍሉ፣ የክፍሎቹን ትርጉም በአማርኛ ጻፉ፣ ግምታችሁን አስቀምጡ፤ መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ግምቱና ትክክለኛው ትርጉም የተራራቁበት ቦታ በቀይ ይሰመርበት፤ ይበልጥ የሚታወሰው እሱ ነው። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር። በሳምንት 3 ሥር ይበቃል፤ በ10 ሳምንት 30 ሥርና 180 ቃል ማለት ነው። ገጹን በማግሥቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው፣ ከዚያ በሰባተኛው ቀን ትርጉሙን በእጅ ሸፍኖ መከለስ ያስፈልጋል። ድምፅም አይዘንጋ፦ እንግሊዝኛ ‘ፎቶግራፍ’ ሲል መጀመሪያውን ያጠብቃል፤ ‘ፎቶግራፊ’ ላይ ግን ጫናው ወደ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ይሄዳል።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። የመጀመሪያው መልክ ያመሳሰላቸው ሥሮች ናቸው። የባጃጅ ‘ፔዳል’ ውስጥ ያለው ‘ፔድ’ ላቲን ሲሆን እግር ነው። ሆስፒታል በር ላይ የሚነበበው ‘ፔዲያትሪክ’ ግን ግሪክ ነው፣ ልጅ ማለት ነው። ‘ኦርቶፔዲክ’ን ብዙ ሰው ከእግር ጋር ያያይዘዋል፤ እሱም ከልጅ ነው። ‘ኦርቶስ’ ቀጥ ያለ፣ ቀና ማለት ነው፤ ኦርቶዶክስ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ቃሉን በ1741 የፈጠረው ፈረንሳዊ ሐኪም ኒኮላ አንድሪ የልጆችን አካል ስለማቃናት ሲጽፍ ነበር። ‘ፖርት’ም እንዲሁ ታሳስታለች፦ ‘ኤርፖርት’ና የኮምቦልቻው ደረቅ ወደብ በእንግሊዝኛ ስሙ የያዙት ‘ፖርት’ ወደብ ከሚለው ‘ፖርቱስ’ የመጣ ነው። ከ‘ፖርታሬ’ ጋር በጥንቱ ቢዛመዱም በላቲን ሁለት ቃላት ናቸው፤ ኤርፖርትን ‘አየር መሸከም’ ብሎ የፈታ ተማሪ ተሳስቷል።

ሁለተኛው ወጥመድ የከፋ ነው። ‘ኢን’ የምትባለው መነሻ አንዴ ‘ውስጥ’፣ አንዴ ‘አይደለም’ ማለት ናት። ከዚህም ሌላ በሚቀጥላት ድምፅ ትለወጣለች፤ ከፒ፣ ከቢና ከኤም በፊት ‘ኢም’፣ ከኤል በፊት ‘ኢል’፣ ከአር በፊት ‘ኢር’። ኢምፖርት ላይ ‘ውስጥ’ ነች፣ ‘ኢምፖሲብል’ ላይ ‘አይደለም’። በነዳጅ ቦቴና በኬሚካል በርሜል ላይ የሚጻፈው ‘ኢንፍላመብል’ ላይ የትኛዋ ናት? የመጀመሪያዋ ናት። ቃሉ በእሳት የሚያያዝ፣ ፈጥኖ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ‘የማይቀጣጠል’ ብሎ የፈታው የመጋዘን ሠራተኛ በርሜሉ አጠገብ ክብሪት ሊጭር ይችላል። በዚህ ምክንያት በአደጋ ምልክቶች ላይ ‘ፍላመብል’ ብቻ መጻፍ ተመራጭ ሆኗል፤ የማይቀጣጠለው ‘ነንፍላመብል’ ይባላል።