ኮምፕሬሽን ምንድን ነው? ጉልበተኛ ሞተር ሳይክል ከመግዛት በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ለሽያጭ የቀረበ ያገለገለ ትልቅ ሞተር ሳይክል ሲታይ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ድምፅ፣ በቀለሙ ጥራትና በኪሎሜትር ቆጣሪው አኃዝ ነው። ይሁን እንጂ ቀለም በአንድ ቀን ይታደሳል፤ ቆጣሪም በአዲስ ይቀየራል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድምፅ ደግሞ ከሞተሩ ጤና ይልቅ የማርሚታውን ዓይነት ይናገራል። የሞተሩን የውስጥ ይዞታ ሳይፈታ ለማወቅ ጥሩው መንገድ ኮምፕሬሽኑን መለካት ነው።

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ ካንዴላው ከመለኮሱ በፊት፣ አምቆ የሚፈጥረው ግፊት ነው። የብስክሌት ጎማ መንፊያ አፉን በአውራ ጣት ደፍኖ የገፋ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ካለቀ ጣቱን የሚገፋው ኃይል ይጠፋል። ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሌኗር በ1860 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጋዝ ሞተር ድብልቁን ሳያምቅ የሚያቃጥል ስለነበር ብዙ ጋዝ በልቶ ጥቂት ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳየው ባለአራት ምት ሞተር ግን አስቀድሞ አምቆ በማቃጠሉ የዛሬዎቹ ባለአራት ምት የቤንዚን ሞተሮች አባት ሆነ።

ይህን ግፊት አፍነው የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ፋሻ የሚባሉት የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ድብልቁን የሚያስገቡትና ጭሱን የሚያስወጡት ቫልቮች፣ እንዲሁም በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) እና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን። የኮምፕሬሽን መቀነስ ማለት ከሦስቱ አንዱ ያስተነፍሳል ማለት ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የኮምፕሬሽን ሬሾ (ፒስተኑ ታች ሳለ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) ግን ሌላ ነገር ስለሆነ መደባለቅ አይገባም። የያማሃ ኤክስቲ 600 ሬሾ 8.5 ለ1፣ የሆንዳ አፍሪካ ትዊን 1000 ሬሾ 10 ለ1፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ያማሃ አር 1 ሬሾ 13 ለ1 ነው ሲባል የተነገረው የንድፍ ልክ እንጂ ፊት ለፊት የቆመው ሞተር ዛሬ ያለበት ሁኔታ አይደለም፤ ፋሻው ያለቀም ቢሆን ሬሾው ያው ነው።

ልኬቱ የሚደረገው ሞተሩ ሞቆ ነው። ቤንዚኑና እሳቱ ከተቋረጡ በኋላ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ የግፊት መለኪያው በአንዱ ካንዴላ ቀዳዳ ይታሰራል፤ ነዳጅ መስጫው (የአየር መግቢያውን የሚከፍተው የእጅ መያዣ) እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ሞተሩ በማስነሻው ሞተሪኖ ለጥቂት ሰከንዶች ይሽከረከራል። ነዳጅ መስጫውን ሳይከፍቱ መለካት የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ አየር ስለማይገባ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል። ባትሪው የደከመ ከሆነም ውጤቱ አይታመንም።

ሰሜን ሸዋ ላይ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ከፍታ ነው። የአምራቾች መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር በአብዛኛው በባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር የተነገረ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ገና ሲገባ የሳሳ ነውና መለኪያውም በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፉ 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚልለት ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 8 ተኩል ባር ገደማ ቢያሳይ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ያው ሞተር 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ከ10 ባር በላይ ያነባል። ይህን ያላገናዘበ ገዢ ጤነኛ ሞተር «አልቋል» ብሎ ይተዋል፤ ይባስ ብሎም ሻጩ ቆላ ላይ የተለካ ቁጥር ይዞ ሲቀርብ፣ ደጋ ላይ ቢለካ የሚያፍርበትን ሞተር በጤነኛ ዋጋ ይገዛል።

ስለዚህ በእኔ ግምት ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ይበልጥ ይታመናል፤ ከፍታው ሁሉንም እኩል ይጎዳልና። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር 8.5፣ 8.6፣ 8.4፣ 8.5 ቢያነብ ደኅና ነው፤ ሦስቱ 8.5 አካባቢ ሆነው አራተኛው 6.4 ከሆነ ግን የተደበቀ ችግር አለ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ያለው ልዩነት ከአሥር በመቶ እምብዛም ሳያልፍ ቢገኝ ጥሩ ነው። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር የሚነጻጸርበት ወንድም ስለሌለው የከፍታውን ሒሳብ ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለም። በተጨማሪም አንዳንድ ትልልቅ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተሮች ለማስነሣት እንዲቀሉ ቫልቭን በጥቂቱ ከፍቶ ግፊት የሚያስተነፍስ መሣሪያ ካምሻፍታቸው (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ አላቸው፤ የእነዚህ ንባብ ዝቅ ማለት በሽታ አይደለም።

ዝቅተኛ ንባብ ሲገኝ ቀጣዩ ጥያቄ የሚያስተነፍሰው የትኛው ነው የሚል ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሶ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ በግልጽ ከፍ ካለ ዘይቱ የደፈነው የፋሻውን ክፍተት ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ጓርኒሲዮን ይሄዳል። ኮምፕሬሶር ያለው ጋራዥ ከተገኘ ደግሞ ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሞ ሲሊንደሩን በአየር መሙላትና የሚወጣበትን ማዳመጥ ይቻላል፤ በማርሚታው ከነፈሰ የማስወጫው ቫልቭ፣ ቤንዚንና አየር በሚያደባልቀው ካርቡራቶር በኩል ከሆነ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው፣ ራዲያተሩ አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ ነው። ይህኛው ምርመራ ስንት በመቶ እንደሚያስተነፍስ ስለሚናገር በከፍታ ብዙም አይዛባም።

መለኪያ ለሌለው ሰው የጣርማ በር መንገድ ራሱ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ከዋሻው ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ሲወረድ ሲሊንደሩ ውስጥ ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ የቫልቮቹ ዘይት መያዣ ላስቲኮች ካለቁ ዘይት ይሳብና፣ መልሶ ነዳጅ ሲሰጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ይታያል። ሽቅቡን ሲመለሱ፣ ሞተሩ በጭነት ላይ እያለ፣ ሰማያዊው ጭስ ሳያቋርጥ ከተከተለ ግን የሚጠረጠረው ፋሻው ነው። (ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የሚይዘው በኮምፕሬሽን ነው ሲባል ይሰማል፤ በቤንዚን ሞተር አብዛኛውን የሚይዘው የተዘጋው የአየር መግቢያ የሚፈጥረው መሳብ ነው።) ጥቁር ጭስና በደረቅ ጥላሸት የጠቆረ ካንዴላ ሌላ ነገር ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ቤንዚን ስለሚያበዛ እንጂ ሞተሩ ስላለቀ አይደለም። ካንዴላው በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ቸል ሊባል አይገባም።

ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ቢጠብቅ፣ ሲቀዘቅዝ ለመምጣት ሌላ ቀን መቅጠር ተገቢ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ትልቅ ሞተር ሳያስቸግር ተነሥቶ ሳይንቀጠቀጥ መሥራቱን ከቀጠለ፣ ኮምፕሬሽኑ ደኅና ስለመሆኑ ከሻጩ ቃል የበለጠ ምስክር ነው። ሞተሪኖው ሲያሽከረክርም የሚሰማው ምት እኩል ሊሆን ይገባል፤ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ፈጠን የሚል ከሆነ አንዱ ሲሊንደር አላምቅም እያለ ነው።

ኮምፕሬሽን የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ጥርስ፣ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች መላላት፣ ባትሪውን የሚሞላውን ክፍል፣ የሻንሲውን መጣመም አያሳይም፤ እነዚህ ለየብቻ ይታያሉ፤ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥርም ከብረቱ ጋር ይመሳከራል። በዋጋ ድርድር ግን ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚሁ ልኬት ነው። ቫልቩ የሚያስተነፍሰው ክፍተቱ ስለጠበበ ብቻ ከሆነ ማስተካከያው የሥራ ዋጋ ነው፤ ቫልቩ ከተቃጠለ ወይም ፋሻው ካለቀ ቴስታታው መውረድ አለበት፤ ለጉልበተኛ ሞተር የሚሆነው ዕቃም እንደ ባጃጅ ቦክሰር ዕቃ በየሱቁ ስለማይገኝ ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን ሞተር የሚፈልግ ገዢ በመጀመሪያ የዕቃውን ዋጋና የሚመጣበትን ጊዜ ጠይቆ፣ ያንን ከቀረበለት ዋጋ ላይ ቀንሶ መነጋገር ይኖርበታል።